እችለዋለሁ ማለት

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 6፣ 1996

ሚስ ዳርሊን ዛሬም ደወለች። አለቃዬ ናት፤ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ዐሥር ዓመት ወለል ያጸዳሁት በሷ ሥር ነው። ድምጿን አለስልሳ፣ በፈቃዴ ለቅቄአለሁ ብዬ ብፈርም ለሁላችንም እንደሚቀል ነገረችኝ። ለሁላችንም ያለችው ለራሷ ነው። የእኔ ስም መዝገብ ላይ እስካለ ድረስ በቦታዬ ሰው መቅጠር አትችልም።

አልፈርምም። የወለል መወልወያ ማሽኑ አፈትልኮ ትከሻዬን ከነቀለው ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ሐኪሞች ሁለቴ ቀደውኛል። ቀኝ እጄ ከደረቴ በላይ አይነሳም፤ ጣቶቼን ስነካቸው የሌላ ሰው ይመስሉኛል። ስለዚህ የሕመም ጡረታ ጠይቄአለሁ። የጡረታው ቦርድ ከፈቀደልኝ በየወሩ የምንኖርበት ይመጣል፣ የቤተሰቡ የሕክምና ኢንሹራንስም አብሮኝ ይቀጥላል። በፈቃዴ ከለቀቅሁ ሁለቱንም አጣለሁ። የሕመም ፈቃዴ የሚያልቀው በኤፕሪል መጨረሻ ነው። እስከዚያ ካልወሰኑልኝ እኔ ባልፈርምም እነሱ ያሰናብቱኛል።

ኢንሹራንሱ ለእኔ ብቻ አይደለም። ባሌ ይርጉ ስኳር አለበት። የሚወጋው መድኃኒት ፍሪጁ በር ላይ ተደርድሯል፤ ወተት ባወጣሁ ቁጥር አየዋለሁ።


ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 9

ቦርዱ ከራሱ ሐኪም ጋር ቀጠሮ ያዘልኝ፣ ለሚቀጥለው ሐሙስ። ደብዳቤው አስተርጓሚ ይዘሽ ነይ ይላል። ማንበቡን አነባለሁ። አማርኛውን ባለሱቁ ስኳር ከሚጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ፣ እንግሊዝኛውን ቤተ መጻሕፍቱ ከሚጥላቸው መጽሔቶች ላይ ለቃቅሜ ነው የተማርኩት። መናገር ሲመጣ ግን ቃሉ ሁሉ ይጠፋኛል።

ልጄን ሀሴትን ልውሰዳት አልኩ፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እንግሊዝኛ አፏን የፈታችበት ነው። ይርጉ በፍጹም አለ። እሱ በሕይወት እያለ ልጅ ስለ እናቷ ገላ ለፈረንጅ አታስረዳም። ኤርፖርት ተሳፋሪ የሚያመላልስበትን ቫን ለአንድ ቀን ለሌላ ሹፌር ሰጥቶ ራሱ ሊሄድልኝ ነው። ስንት ጊዜ ሐኪም ቤት ብቻዬን ስመላለስ ዞር ብሎ ያላየኝ ሰው። ደስ አለኝ። ደስ ማለቴ አሳፈረኝ።


ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 15

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እጁ ይቀዘቅዛል። ክንዴን ወደ ላይ ሲገፋው ዓይኔ ጨለመ። አልጮህኩም። በሰው ፊት አልጮህም። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ወደ ይርጉ ዞረና ስለ እኔ ጠየቀው፤ እኔን ሳያይ፣ መኪና ሊጠግን እንደመጣ ሰው። ይርጉ ወደ እኔ ተመልሶ «በሕመሙ እንዴት ነሽ ይልሻል» አለኝ።

የመለስኩትን ሳልረሳው ልጻፈው። «ቀንም ሌሊትም ያመኛል። ስለብስ ያመኛል፣ ስተኛ ያመኛል፣ ፀጉሬን መሥራት ካቆምኩ ቆየሁ። ምን ላድርግ፣ እችለዋለሁ» አልኩት።

ይርጉ ነገረው። የእኔ ረጅም ነበር፣ የእሱ አጠረ። እንግሊዝኛ ነገር ያሳጥራል ብዬ አለፍኩት። «ካን» የምትለዋን ቃል ለይቼ ሰምቻለሁ፤ መቻል ማለት ናት። ትክክል ነው ብዬ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ሐኪሙ ጻፈ።

ስንወጣ ይርጉ ጨዋታ አምጥቶ ነበር። ሀምበርገር ልግዛልሽ ወይ አለኝ። አልራበኝም።


ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 22

ጾም ገባ። ድንች ልልጥ ብዬ ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። አነሳሁት፣ ወደቀ። ከዚያ ተውኩት። ይርጉ ሲገባ ተራምዶት አለፈ።


እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 25

ጋርላንድ ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያናችን። ከቅዳሴ በኋላ አብራን የምታስቀድሰው ዕፀገነት አቀፈችኝ፤ በታመመው በኩል። ሁሉም ሰው የሚያቅፈኝ በታመመው በኩል ነው። ወዲያው ለአጠገቧ ሴት ስለ እኔ ትነግራለች፤ ወሰንዬ እንዴት ያለች ቻይ መሰለችሽ፣ እኔ ብሆን ይሄን ጊዜ አገር ይሰማኝ ነበር። ሴትየዋ በአድናቆት አየችኝ። ድሮ ቻይ ሲሉኝ እንደ ካባ ነበር የምለብሰው። ዛሬ ከበደኝ። ወደ ቤታችን ስንመለስ እስከ ዩለስ ድረስ ይርጉን አላናገርኩትም፤ እሱም አላስተዋለም።


ሰኞ፣ ማርች 4

ገላዬን ታጥቤ ስወጣ ይርጉ ሳሎን ስልክ ላይ ነበር፤ ከሥራ ጓደኛው ከሙሉጌታ ጋር። «እስከ ሰመር ብቻ ትግፋልኝ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ፍጥርጥሯ» ይለዋል። ሲያየኝ ወሬ ለወጠ። ስለ ቶዮታዋ ይሆናል፤ አርጅታለች። በሰመር ሙሉ ሰዓት ሊቀጥሩት ቃል ገብተውለታል። ያኔ ደሞዙም ይጨምራል፣ የራሱን ኢንሹራንስም ያገኛል። መኪና ሊለውጥ አስቦ ነው።


ቅዳሜ፣ ማርች 16

አልፈቀዱም።

ደብዳቤው ሥራ መሥራት ትችያለሽ ይላል። ቆሜ አነበብኩት። ተቀምጬ አነበብኩት። መዝገበ ቃላት አውጥቼ የማውቃቸውን ቃላት ሁሉ እንደገና ፈለግሁ። ያው ነው።


ሰኞ፣ ማርች 18

ሀሴት ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ጡረታው ቢሮ እየነዳች ወሰደችኝ። ፋይሌን የያዘችው ሴትዮ ዋንዳ ትባላለች፤ ክፉ አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ የምቆጣው ሰው አገኝ ነበር። የሐኪሙን ሪፖርት አወጣችና በጣቷ እየተከተለች አነበበችልን። ሐኪሙ የጽዳት ሥራዋን መሥራት ትችላለች ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ታማሚዋም በባለቤቷ በኩል እችላለሁ ብላ መለሰች።

ሀሴት ወደ እኔ ዞረች። «ማሚ፣ ዳዲ ሺ ካን ዱ ኢት አለ ይላል። ሶ አንቺ እንደዛ ብለሻል?»

እችለዋለሁ ነው ያልኩት አልኳት።

«ኦኬ፣ ሶ ትችያለሽ።»

«አልችልም። እችለዋለሁ ማለት አልችልም ማለት ነው።»

ልጄ ሳቀች። እየቀለድኩ መስሏት ነው። ፊቴን ስታይ ተወችው። ለዋንዳ ምን ብላ እንዳስረዳቻት አላውቅም፤ ብዙ ተናገረች፣ እጇን አወራጨች፣ ትከሻዋን እንደ እኔ አጥፋ አሳየቻት። ዋንዳ ትዕግሥት አላት፤ እስከ መጨረሻው ሰማች። ይግባኝ ማለት እችላለሁ። ቦርዱ በኤፕሪል 30 ይሰማኛል። ነገር ግን ሐኪም ፊት የተሰጠ ቃል የእኔን ማስተባበያ ብቻ ሰምተው አይሰርዙትም። ያስተረጎመው ሰው ራሱ መጥቶ፣ ያልኩት ስህተት ነበር ብሎ ማረም አለበት።

ሀሴት በመንገድ ላይ ዳዲ ይመጣል፣ ቀላል ነው አለች። ስለ አባቷ የምታውቀው ትንሽ ነው።


እዚያው ቀን፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ

መቻል። ይህን ቃል ማን እንደጫነብኝ አላውቅም። ሱዳን ወባ ሲጥለኝ ቻልኩት። የመጀመሪያው ልጄ በሆዴ ሲሞት፣ ሴቶቹ ከበውኝ ቻይው አሉኝ፣ ቻልኩት። ማሽኑ በየሌሊቱ እየጎተተ ሲያንገላታኝ ሚስ ዳርሊን ጠንካራ ሠራተኛ ናት ብላ ለአዲሶቹ ታሳያቸው ነበር። በእኔ መቻል ላይ ሁሉም ሰው እግሩን ዘርግቶ ይተኛል። እኔም አንጥፌ ሰጠኋቸው።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ባይገባው አልፈርድበትም። ይርጉ ግን የጎንደር ልጅ ነው። በዚህ ቃል መሀል ነው ያደገው። እናቱ ስታቃስት እንዴት ነሽ ሲሏት ምን ነበር የምትለው?

ደግሞ ያ ጥያቄ። ሥራሽን መሥራት ትችያለሽ ወይ የሚል ጥያቄ እኔ አልሰማሁም። የሰማሁት በሕመሙ እንዴት ነሽ የሚል ነው።

ደክሞት ይሆናል። ከዚያ በፊት የነበረውን ሌሊት ሥራ ላይ ነበር ያደረው። ደክሞት ነው።

ራሴን ነቀነቅሁ እኮ። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ካን ሲል ሰምቼ፣ አዎን ብዬ፣ እንደ ተማሪ ራሴን ነቀነቅሁ።


ማክሰኞ፣ ማርች 19

ነገርኩት። ካልሲውን እያወለቀ ነበር። ዋንዳ ያለችውን በሙሉ፣ ድምፄን ሳላነሳ።

«አንቺ ነሽ ያልሽው። እችለዋለሁ አላልሽም?» አለኝ።

ብያለሁ አልኩት።

«ታዲያ እኔ ምን ጨመርኩበት?»

ያመኛል ያልኩትስ ስለው፣ ማመሙንማ ሐኪሙ ያውቃል፣ ለዚህ አይደል እንዴ የመረመረሽ ብሎ ዘጋኝ። ለሁሉም መልስ አለው። መልስ ማጣቴ እሱን ትክክል አያደርገውም፤ እሱ ግን እንደዚያ ነው የሚመስለው።

ከዚያ ሙሉጌታ የሚያውቀውን ሰው ወሬ አመጣ። በሕመም ጡረታ አስወጥተውት በወሩ የኢንሹራንስ ካርዱን ቀሙት፣ አሁን መድኃኒቱን ከሰው እየለመነ ነው። የእኔ እንደማይቋረጥ፣ ዋንዳ በአፏ እንዳረጋገጠችልኝ፣ መመሪያው ላይም ራሴ እንዳነበብኩት ነገርኩት። «እነሱ የጻፉት ወረቀት ነው፤ ነገ ሌላ ይጽፋሉ» አለ። ፍሪጁን ከፈተው። ቆሞ አየ። ምንም ሳያወጣ ዘጋው።

ቦርዱ ፊት ቀርበህ አርምልኝ አልኩት። በሃያ ዓመት ውስጥ አድርግልኝ ብዬ የጠየቅሁት ነገር ይህ ብቻ ይመስለኛል።

«ውሸታም ነኝ ብዬ በፈረንጅ ፊት ልቁም?»

ተሳስቻለሁ በል አልኩት።

«የሹፌርነቱ ሥራ በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ አልችልም ብዬ ልፈርም? በሰመር ሊቀጥሩኝ ሲሉ?»

ሄዶ ተኛ። ወዲያው አንኮራፋ። ተኝቶ የሚያንኮራፋ ሰው እንደዚህ አስጠልቶኝ አያውቅም።


ዓርብ፣ ማርች 29

ሚስ ዳርሊን። ኖ አልኳትና ስልኩን ዘጋሁት። በመጽሔት የተማርኩት እንግሊዝኛ ለዚች አልጠፋም።

ቶዮታዋ ዛሬም ቁልፉ አንዴ ሲዞር ተነሳች። ምንም አልሆነችም።


ሐሙስ፣ ኤፕሪል 4

ለይርጉ ራት አቀርባለሁ። ይበላል። ተመስገን ይላል። ሀሴት በሁለታችን መሀል ተቀምጣ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። ዛሬ «ዱድ፣ ይሄ ቤት ፍሪዘር ሆኗል» አለች። ማንም አልሳቀላትም።

ፈቃዴ ሊያልቅ ነው። ይርጉ ካልመጣ ቦርዱ አይፈቅድልኝም። ቦርዱ ካልፈቀደልኝ ካርዱም አይኖርም፤ የሚፈራው ነገር በገዛ እጁ ይመጣበታል። ይህን በሦስት መንገድ አስረድቼዋለሁ። አራተኛ መንገድ አላውቅም።


እሑድ፣ ኤፕሪል 7

ሆሣዕና። ዛሬ የሆነውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፤ እንደሆነው ልጻፈው።

ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ዕፀገነት ስለ ጡረታው ጠየቀችኝ። ከለከሉኝ አልኩ። ከንፈሯን መጠጠችና ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ፤ አይዞሽ ወሰንዬ፣ ቻይው፣ አንቺ ደግሞ መቻል ታውቂበታለሽ።

አፌ ተከፈተ። «እኔ አልቻልኩም። ይርጉ ነው ሐኪም ፊት የቻለልኝ» አልኩ።

ሳቁ። ወሰንየለሽ ቀለደች ብለው፤ እኔ ቀልጄ ስለማላውቅ የበለጠ አሳቃቸው። እማማ ታደለች ብቻ አልሳቁም። በዕድሜ የሁላችን እናት ናቸው፤ ጆሯቸው ይደክማል፣ ስለዚህ ፊት ያያሉ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ምንድን ነው ያለችው?» ብለው ዝም አሰኟቸውና ንገሪኝ አሉኝ። ነገርኳቸው። ሐኪሙ የጠየቀውን፣ ይርጉ እኔን የጠየቀኝን፣ የመለስኩትን፣ ለሐኪሙ የተነገረውን። እሳቸው እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ፤ አዳራሹ በሙሉ ሰማ።

ዕፀገነት ዓይኗ ፈጠጠ። «እንዴ! ሰው እችለዋለሁ ካለ አሞታል ማለት እኮ ነው። ይሄ ምን ማስተርጎም ይፈልጋል?»

አንዷም ሴት ምን ማለት ነው ብላ አልጠየቀችም። ለማንኛቸውም ማስረዳት አላስፈለገኝም። ያ ነው ያናደደኝ፤ እንዲህ ቀላል መሆኑ።

እማማ ታደለች እጄን ይዘው ቆዩ፤ ደህናውን እጅ፣ ጠይቀው። «ይምጣና ያርማ» አሉ።


ሰኞ፣ ኤፕሪል 8

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገብቷል። የዕፀገነት ባል ነጋሽ ትናንት ፓርኪንግ ውስጥ ይርጉን ሲያገኘው ወገቡን ይዞ እያቃሰተ «ይርጉ ወንድሜ፣ ወገቤን ገደለኝ፣ እስቲ ቻልልኝ» አለው አሉ። ወንዶቹ በሳቅ ፈረሱ። ዛሬ ሥራ ቦታ ሙሉጌታ ደገመለት፤ የራሱ ሙሉጌታ።

ይርጉ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። «በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለ።

«አንተ በሐኪም ፊት» አልኩት።

ሌላም ልጨምር ነበር። ስለ ስልኩ፣ ስለ ሰመር፤ የራሱን ኢንሹራንስ እስኪያገኝ ትግፋልኝ ያለው ቶዮታዋን ሳይሆን እኔን እንደነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። አንዳንድ ነገር ከተናገሩት በኋላ አንድ ቤት ውስጥ አያስኖርም።

ሶፋ ላይ ተኛ። ዛሬ ሲያንኮራፋ አልሰማሁም።


ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 13

የፋሲካ ዋዜማ። ዶሮውን ሀሴት በትልቁ መቀስ ገነጣጠለችው፤ እንደ ካርቶን። ልቆጣ ብዬ ተውኩት። ሽንኩርቱን ይርጉ ሳይጠየቅ ተቀምጦ ላጠ። እንባው ይወርዳል። ሽንኩርቱ አዲስ ነው፣ ኃይለኛ ነው።


ሐሙስ፣ ኤፕሪል 25

ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ ማክሰኞ በስንት ሰዓት ነው አለኝ። ዐሥር ሰዓት በፈረንጅ፣ ጠዋት አልኩት። እሺ አለ።

ይህ ብቻ ነው። ሌላ ነገር እንዳላስብበት።


ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 30

ሰፊ ክፍል ነው፤ በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ አምስት ሰዎች። ሰብሳቢው ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያነባሉ። መጀመሪያ እኔን ጠየቁኝ። በራሴ እንግሊዝኛ፣ ከመጽሔት በለቀምኩት፣ እጄ የማይሠራውን ነገርኳቸው። ግሡን ሁሉ አበላሸሁት። ቃሉ ግን አልጠፋኝም፤ ንዴት አምጥቶት ይሆናል። ሰሙኝ። ይሁን እንጂ ሽማግሌው ሪፖርቱን አነሱና እዚህ የተጻፈው ሌላ ነው አሉ።

ወደ ይርጉ ዞሩ። ያን ቀን ባለቤትህ ምን ነበር ያለችው አሉት።

ይርጉ ክራቫት አድርጎ ነበር። የሠርጋችን ይመስለኛል። ይንተባተባል፣ ቃል ይፈልጋል፣ ወደ እኔ ዞሮ ይጠይቀኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ምንም አልፈለገም። ቀጥ ብሎ በጥሩ እንግሊዝኛ ተናገረ፤ እያንዳንዱን ቃል ተረዳሁት።

«ቀንም ሌሊትም ያመኛል አለች። ስትለብስም፣ ስትተኛም። ፀጉሯን መሥራት አቁማለች። በመጨረሻ ያለችው ቃል በእኛ ቋንቋ፣ ሕመሙ ከአቅሜ በላይ ነው፣ ግን ለማንም ሳልናገር ተሸክሜው እኖራለሁ ማለት ነው።»

ታዲያ ለሐኪሙ ለምን ትችላለች አልክ አሉት ሽማግሌው።

«ያን ቀን እንግሊዝኛው ጠፋኝ፣ ሰር» አለ።

አመኑት። ሽማግሌው አዘኑለትም፤ ለስደተኛ ከባድ ነው አሉ። አስወጡን፣ ብዙ ሳይቆዩ መልሰው ጠሩን። ፈቅደዋል። ጡረታውም፣ ኢንሹራንሱም። ዋንዳ በር ላይ ስታገኘኝ አቀፈችኝ፣ በታመመው በኩል።

ሁለት ወር ተኩል። ቃል በቃል ይዞት ነበር። ፀጉሬን ሳይቀር። እኔ ደክሞት ነው እያልኩ ስሟገትለት፣ ድንች ሳቀርብለት፣ ተመስገን እያለ ሲበላ፣ ያልኩት ሁሉ ሳይጓደል እዚያ ራሱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

መኪናው ውስጥ ገብተን የዩለስን መንገድ ይዘን እንደወጣን፣ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። በቃ፣ አለቀ አለ።

ሕመሙ አንገቴ ሥር ነው የሚጀምረው አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። «አውቃለሁ፣ ወሰን።»

«ማወቅህንማ ዛሬ ሰማሁ። አሁን ከእኔ ስማው።»

ጀመርኩ። አንገቴ ሥር ጠዋት እንዴት እንደሚነቃ፣ እንደሚነድ፣ ወደ ትከሻዬ ምን ይዞ እንደሚወርድ፤ ሁለቱ ስፌቶች ዝናብ ሊመጣ ሲል እንዴት እንደሚጎትቱኝ፤ የጡት መያዣዬን ለማሰር በር ተደግፌ እንደማለቅስ፤ እሱ አጠገቤ ሲገላበጥ ፍራሹ ሲንቀሳቀስ ምን እንደሚሆን። እሱ በስተቀኝ መስመር ይዞ በዝግታ ይነዳል፤ ሰው ሁሉ እየቀደመን ይሄዳል። አይርቪንግ ከተማን አለፍን። ድምፄ እየጎላ ሲሄድ ይሰማኛል፣ አልቀነስኩትም።

ዩለስ ስንደርስ የምነግረው ገና ክርኔ ላይ ነበር።